የቀኝ ትከሻዬ ነገር

በሽታ ደግ ነው። የምትስቁ ሳቃችሁን ጨርሱና ስሙኝ። ደግ ነው ያልሁት ሳያስታውቅ ስለማይገባ ነው። ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ይገባል፤ ድመት እንኳ ወጥ ቤት ስትገባ ማንንም አታስፈቅድም። በሽታ ግን መጀመሪያ ደጅ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «ቤቶች!» ይላል፤ መልስ ያጣ እንደሆነ ሄዶ ነገ ይመለሳል። እኔ ቤት የመጣው በሽታ ከመስከረም እስከ ጥር ደጅ ጠንቷል። ደጅ የጠና ደግሞ፣ የጠቅላይ ግዛቱን ቢሮ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም። ከገባ በኋላም መደብ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይወጣም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር ላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ባለ በረንዳ ቤት ሥር የእግር መኪናዬን ዘርግቼ ኮት፣ ቦላሌና እጀ ጠባብ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊነቴን ግን የሚያውቀው ልብስ ያሰፋ ሰው ብቻ ነበር። አገር የሚያውቀኝ በትከሻዬ ነው። ስለ ራሴ እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ትከሻው አሁን ስለሌለ ስለ ሟች እንደ መናገር ቁጠሩልኝ። ማሲንቆው ገና ሲቃኝ ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ ይነሣ ነበር። እኔ ቆሜ እሱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እስክስታ ስመታ አይተው፣ «ይህ ልጅ አጥንት የለውም፤ እናቱ በቅቤ ነው የሠራችው» ብለው በመስቀል አማተቡ።

ሚስቴን እናኑንም ያገኘኋት በትከሻዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው መንደር፣ ከኮሶዬ፣ ለአንድ ሙሽራ የሰፋሁትን ሱፍ ላደርስ ሄጄ፣ «ቅመስ እንጂ» ተብዬ ዳስ ገባሁ። አዝማሪው ጀመረ፤ እኔም ተነሣሁ፤ ከሴቶቹ ወገን አንዲት ቀጭን ልጅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከፊቴ መጣች። እሷ ስትመታ እመልሳለሁ፤ እኔ ስመታ ትመልሳለች። እልህ ተያያዝን። ሰው ክብ ሠርቶ ከበበን። እሷ ትከሻዋን እንደ ወንፊት ታርገበግበውና ድንገት ቀጥ ታደርገዋለች፤ «እስቲ አንተ!» ማለቷ ነው። እኔም የያዝሁትን ሁሉ አውጥቼ እሰጣታለሁ። አንዲት ቃል ሳንነጋገር ብዙ ነገር ተጨዋወትን።

ከዚያ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ ተገኘ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ጠየቁ አሉ።

«መሬት አለው?»

«የለውም።»

«ከብትስ?»

«የለውም፤ የከተማ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን አለው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው፣ «ትከሻ አለው» አሉ።

«ትከሻማ በሬዬም አለው» አሉ አያ ተገኘ። ሆኖም ልጃቸው ከምድጃው ማዶ ሆና ስታይ አይተው ኖሮ እሺ አሉ። እንዲህ ተጋባን።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። መስከረም ላይ ነው። ለመስቀል የሚያሰፋው ሰው በዝቶ ከመኪናዬ አልነሣም። አንድ የተጠናቀቀ ኮት ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ልሰቅል ቀኝ እጄን ሳነሣ፣ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። «እህ!» አልሁ።

ከጎኔ ፀጉር የሚያስተካክሉት አያ ሞላ ምላጫቸውን ከሰው አንገት ላይ አንሥተው ዞሩ። አያ ሞላ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንድ ራስ ለመጨረስ ሦስቴ ይቀመጣሉ፤ ምላስ ላይ ግን ድካም የለባቸውም።

«ምን ሆንህ?»

«ምንም፣ አያ ሞላ።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አያቃስትም። አሳየው እንጂ ለሐኪም!»

«ምኑን ያሳዩታል፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይተወኛል።»

«እኔም ጉልበቴን ‹ቆይ፣ ቆይ› ስለው ነው የኖርሁ» አሉ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። «አሁን እሱ ‹ቆይ› ይለኛል።»

ሰውየው ምላጩ ሥር ሆኖ ሳቀና ጆሮው ተጫረ። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት በግራ ጎኔ ብቻ እንደ ነበረ ያኔ አላስተዋልሁም።

ሐኪም ጋ ያልሄድሁት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ጥር እየመጣ ነው። ጥር ለእኛ አገር ሠርግ ማለት ነው። የሙሽራ ሱፍ የሚያሰፋ ሁሉ «አንተም ዳሱን ታደምቅልናለህ» ብሎ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እገሌ ትከሻውን አሞታል የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከበረንዳው ከወጣ፣ ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ «እገሌ ትከሻው ተቆረጠ» ይሆናል። ስለዚህ ዝም አልሁ። ዝም ማለት ግን እንደ ማሾ ነው፤ አንድ ጊዜ ካበሩት በኋላ ጋዝ መሙላት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ሚስማሩን ነቀልሁና ትንሽ ዝቅ አድርጌ መታሁት። ሸጋ ሆነ፤ ኮቱን ያለ ሕመም ሰቀልሁ። በጥቅምት እዚያም ሲያቅተኝ እንደገና ነቅዬ ከደረቴ ትይዩ መታሁት። ኅዳር ሲገባ ኮቶቹ መሬት ይጠርጉ ጀመር። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ኮታቸውን ሊወስዱ መጥተው ጫፉን አራገፉና፣ «ይህን በልኬ ነው የሰፋኸው ወይስ ሱቅህን ልትጠርግበት?» አሉኝ።

አያ ሞላ መስታወታቸውን እየወለወሉ፣ «ሚስማርህ እየወረደ ነው፣ አንተ ልጅ» አሉ። «ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ የሚወርድ ሚስማር ያለው ቤት አላየሁም።»

ቤትም ሌላ ጣጣ ነበር። እጀ ጠባብ መልበስ ያቅተኝ ጀመር። ግራ እጄን አስገብቼ፣ ጭንቅላቴን አሾልኬ፣ ቀኙን ከታች በኩል እንደ እባብ እያሳብሁ አስገባለሁ። እናኑ ጀርባዋን ስትሰጠኝ ብቻ ነው የምለብስ። አንድ ጠዋት ሳላስበው ዞር አለችና አየችኝ።

«ምነው በግራ እጅህ ታበጥራለህ?»

«እንዲሁ አማረኝ።»

«ግራኝነት ያምራል እንዴ? ምነው ፊትህ ተኮማተረ?»

«ፀሐዩ ነው።»

ቤት ውስጥ ነበርን፤ መስኮቱም ገና አልተከፈተም። እናኑ መስኮቱን አየች፤ እኔን አየች።

«ወለቃ ማዶ ሸጋ ወጌሻ አለች ይላሉ። ቅዳሜ እንሂድ።»

«ቅዳሜማ ገበያ ነው።»

«እሑድስ?»

«እሑድ ሰንበት ነው፤ ሰው በሰንበት ይታሻል?»

«ሰኞ እንሂድ።»

«ሰው ሳምንቱን በወጌሻ ይጀምራል?»

«እንግዲያው» አለች ማሰሮዋን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ እየወጣች፣ «ላንተ ስምንተኛ ቀን እስኪፈጠር እንጠብቃለን።»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አያ ተገኘ ከኮሶዬ በጭነት ማኪና መጥተው ቤታችን ዋሉ። እናኑ ዶሮ ሠራች። አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሪዛቸውን አስተካክለው ገበታው ራስ ተቀመጡ። አማች ለአማት ሳያጎርስ ገበታ አይነሣም፤ በግራ ማጉረስ ደግሞ ከነጭራሹ አለማጉረስ ይሻላል። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልሁ። አያ ተገኘም አክብረውኝ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ።

እጄ እስከ ደረቴ በሰላም ወጣ። ከዚያ ቆመ። ወደ ፊት ልግፋው ብል ትከሻዬ እሳት ሆነ። አማቴ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ናቸው። እናኑ ታየኛለች። ወጡ በእጄ አንጓ እየወረደ ክንዴ ደርሷል። ምን ላድርግ? እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያልበኝን ነገር አደረግሁ፤ ወረወርሁት።

ጉርሻው ሪዛቸውን ጨርፎ ጋቢያቸው ላይ አረፈ። አያ ተገኘ ዓይናቸውን በቀስታ ገለጡ፤ አፋቸውን በቀስታ ገጠሙ፤ ጎንበስ ብለው ጉርሻውን አዩት።

«እኛ ኮሶዬ የምናጎርስ ለሰው ነው» አሉ። «ከተማ ለጋቢ ታጎርሳላችሁ?»

«አሞት ነው፣ አባዬ» አለች እናኑ።

«እጄ ተንሸራትቶ ነው» አልሁ እኔ፣ በአንድ ትንፋሽ።

በማግሥቱ ማኪና ልሳፍራቸው ሸኘኋቸው። ማኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ቀኝ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። ጮኼ ዘለልሁ። አያ ተገኘ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስማኝ ልጄ። በሬ እንኳ ቀንበር ሲልጠው አይደብቅም፤ ቀንበሩን ይዘህ ስትመጣ አንገቱን ያሸሻል፤ ‹እየኝ› ማለቱ ነው። ገበሬ ያን ቀን ፈትቶ ካላሳረፈው፣ ለክረምቱ በሬ የለውም። አሳይ።»

«እሺ አባቴ፤ ከጥር በኋላ አሳያለሁ።»

«ቁስል ወር ይቆጥራል እንዴ!» አሉና ወጡ። ማኪናው አቧራውን ከምሮብኝ ሄደ።

በታኅሣሥ አንድ ፊታውራሪ ለጥምቀት የሚሆን ኮት ሊለኩ መጡ። ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ ነው። ሜትሩን ይዤ ትከሻቸው ላይ ማድረስ አቃተኝ። እንዲቀመጡ እንዳልጠይቅ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ የመኪናዬን በርጩማ አምጥቼ ወጣሁበት። እዚያ ላይ ሆኜ እጄን ዝቅ አድርጌ መለካት ልጀምር ስል አሽከራቸው ጮኸ።

«ውረድ አንተ! ከጌታው በላይ ትቆማለህ?»

ወረድሁ። በመጨረሻ በዓይኔ ለካሁ። ዓይኔ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኮቱን ስቀድም ስሰፋም በራሴ ገላ ላይ እየሞከርሁ ኖሯል። የኔ ቀኝ ትከሻ ደግሞ ያን ጊዜ ሕመሙን እየሸሸ ወደ ታች ዘንብሏል። የጥምቀት ዕለት ፊታውራሪው ያንን ኮት ለብሰው ብቅ ሲሉ ሰውነታቸው በሙሉ ወደ ቀኝ የዘነበለ መሰለ። በማግሥቱ መጥተው መስታወት ፊት ቆሙና፣ «ይህን የሰፋኸው ለእኔ ነው ለጥላህ?» አሉኝ። ደግ ሰው ስለ ነበሩ ሳቁ፤ እኔም አስተካክዬ መለስሁላቸው። አያ ሞላ ግን አልሳቁም። «ጉድ የሚመጣው በሠርጉ ነው» አሉ።

የዚያ ጥር ሠርግ የሩቅ ሰው ሠርግ ቢሆን በቀረሁ። የእናኑ ታናሽ እህት የማሬ ሠርግ ነበር። ከከተማ ወጥተን፣ ወለቃ ላይ መንገድ ዳር የተደረደሩትን ማሰሮዎች አልፈን፣ ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ትከሻዬን እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘው ነበር። እናኑ የጭነት ማኪናው ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ጆሮዬ ሥር ትናገራለች።

«ዛሬ አትግባ።»

«አልገባም።»

«ማል።»

«አልገባም አልሁሽ!»

ከልቤ ነበር። ዳሱ ውስጥም ከሽማግሌዎች ጎን ጥጌን ይዤ ተቀመጥሁ። ውጭ የኮሶዬ ጉም ገደሉን ሞልቶ ዳሱ በደመና ላይ የተተከለ ይመስላል። ማሲንቆው ተቃኘ። ግራ ትከሻዬ ነቃ፤ ዝም አልሁት። ጭብጨባው ደራ፤ እግሬ መሬቱን ይመታ ጀመር፤ ዝም አልሁት። ከዚያ አንዱ፣ «የእናኑ ባል የት አለ?» አለ። ዳሱ በሙሉ፣ «የእናኑ ባል! የእናኑ ባል!» አለ። ሙሽራዪቱ ማሬ ዓይነ ርግቧን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ትቀመጡ ነበር? ብልሆች ስለሆናችሁ ትቀመጡ ይሆናል። እኔ ተነሣሁ።

በግራ ጀመርሁ። ሸጋ ነበር። ሰዉ «እስክስ!» አለ። ያ ድምፅ ሰው ያሰክራል፤ ከጠጅ ይብሳል። አንዴ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ብዬ ቀኙን ወደ ላይ ወረወርሁት። ወጣ። ጆሮዬ ሥር ደረሰ። እዚያው ቀረ።

መልሼ ላወርደው ብል አይወርድም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀኝ ትከሻዬ ከጆሮዬ ጋር ተጣብቆ፣ ግራው ግን ልማዱ አልተወው ብሎ ብቻውን ይመታል። ይኸኔ አንድ ጎረምሳ አየኝና፣ «የከተማ አዲስ ስልት!» ብሎ ቀኝ ትከሻውን ጆሮው ሥር ሰቅሎ ገባ። ሁለተኛው ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ የኮሶዬ ወጣት በሙሉ አንድ ትከሻውን እንደ ተሰቀለ ኮት ሰቅሎ፣ ፊቱንም እንደኔ አጨማዶ በዳሱ ውስጥ ይዞራል። ፊቴ የተጨማደደው ለማሳመር መስሏቸው ነው። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሞከሩት። አዝማሪው ብቻ፣ የሰው ፊት ማንበብ ሥራው ነውና፣ ማሲንቆውን ወደኔ አዙሮ ተቀኘ፦

የሰው እጀ ጠባብ ሲሰፋ ኖሮ፣
የራሱ ትከሻ ተቀዷል ዘንድሮ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እናኑ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። ሰው ልትገጥመኝ መስሎት ቦታ ለቀቀላት። ከፊቴ ቆመች፤ ትከሻዋን ግን አልነቀነቀችም። ዓይኔን አየችና ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ። በክብር የሸለመችኝ ያህል እልል አሉልን። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። ጉሙ ውስጥ ቆመን እኔ አለቀስሁ፤ እሷ አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የመንደሩ ወጌሻ አሮጊት ተጠሩ። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ከፈት፣ ወደ ላይ ከፍ አደረጉና ተዉት።

«መቼ ጀመረህ?»

«ትናንት።»

«መስከረም» አለች እናኑ ከበሩ ሥር።

ወጌሻዋ እጃቸውን ቅቤ እየቀቡ ተነፈሱ። «ወልቆ ቢሆን እመልሰው ነበር። ተሰብሮ ቢሆን አሥረው ነበር። ይህ ግን ዝጓል። ከመስከረም ዝም ብለህ አስቀመጥኸውና ዛገ። ላሸው እችላለሁ፤ ቅቤዬ ግን ከላይ ነው የሚቀር። ሂድና እነዚያን ሐኪሞች ጠይቅ።»

እንዲያም ብለው አሹኝ። ጩኸቴ ገደሉ ማዶ ደርሶ ተመልሶ መጣ።

ከተማ ገብቼም ወዲያው ሆስፒታል የሄድሁ እንዳይመስላችሁ። ፋሲካ ይለፍ አልሁ። እናኑ በፋሲካ ማግሥት የእግር መኪናዬን ጨርቅ አልብሳ የሱቁን ቁልፍ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ወይ ሆስፒታል፣ ወይ ሥራ ፈትነት» አለች። ሄድሁ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ድሬሰር የሚሉት ረዳቱ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ክንዴን ከሁሉ አቅጣጫ ካየ በኋላ እየተቆጣ ረጅም ንግግር ተናገረ። እጁን አወናጨፈ፤ ጠረጴዛውን መታ፤ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«ምን አለ?» አልሁ።

«‹ምነው?› ነው የሚልህ» አለ ድሬሰሩ።

«ያን ሁሉ ተናግሮ ‹ምነው› ብቻ?»

«አዎ። ምነው እስካሁን? ሌላው ሁሉ እሱው ነው፤ ደጋግሞት ነው።»

ከዚያ ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሕመሙ ሲጀምር አሳርፌውና አስታሽቼው፣ በልኩም እያንቀሳቀስሁት ብቆይ ኖሮ ቀስ ብሎ ይለቀኝ ነበር። እኔ ግን ሕመሙን ስሸሽ እጄን ማንሣት ተውሁ፤ ሳላነሣው የመገጣጠሚያው ጅማት ተኮማተረ፤ በመጨረሻም በግድ ላነሣው ሞከርሁ። አሁን መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ በጣቶቼ እንደ ሸረሪት እየወጣሁ፣ በየቀኑ እጄን ትንሽ ትንሽ ማንሣት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ከግድግዳ ጋር ሆነ። እናኑ የደረስሁበትን በከሰል ታሰምርልኛለች። «ዛሬ ጨመርህ!» ትላለች፤ እንደ ሕፃን ታጨበጭብልኛለች። ሱቅም በረንዳው ሥር ግድግዳ ስቧጥጥ አያ ሞላ፣ «በሩ እዚያ ነው፤ ምነው በግድግዳ ለመግባት ትታገላለህ?» ይሉኛል። ስቀው ሲያበቁ ግን እሳቸውም ወንበራቸውን ይዘው ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ ያደርጋሉ። ደንበኛ መጥቶ አንዱ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ አንዱ ወንበር ይዞ ሲሰግድ አይቶ ተመልሶ ሄዷል።

የከሰሉ መስመር በግንቦት ወጣ፤ በሰኔም ወጣ። ሐምሌ ላይ ከዓይኔ ትይዩ ደረሰና ቆመ። ብል፣ ብል፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ጣት አልሄደም። እናኑ ነሐሴን ሙሉ ከሰሉን ይዛ ከጎኔ ቆመች። አንድ ቀን ከሰሉን ምድጃው ውስጥ ጣለችው።

ፈጣሪን አላማርርም። አሁን እሰፋለሁ፤ አበጥራለሁ፤ አማቴንም በሥርዓቱ አጉርሻለሁ፤ እርግጥ አያ ተገኘ ዓይናቸውን መጨፈን ትተዋል። ሰውም ሠርግ መጥራቱን አልተወም፤ የሚያስቀምጠኝ ግን ከሽማግሌዎች ጎን ነው። ፀጉሬ ሳይሸብት ትከሻዬ አሸመገለኝ። ማሲንቆው ሲጀምር የሚሆነውን ልንገራችሁ? ትከሻዬ ይሰማል። ጆሮዬ ከሚሰማው ቀድሞ ይሰማል። ውስጥ ውስጡን ይንቀጠቀጣል፤ ልክ ሩቅ አገር ያለ ሰው የመንደሩን ስም ሲጠሩለት እንደሚሆነው። ከዚያ አይነሣም። ሕመሙ ራሱ ዛሬ ያን ያህል አይደለም፤ ለሕመም ቅቤም አለ፣ ኪኒንም አለ። ናፍቆቱን ግን የት ወስጄ ላሳሽ? ሰው የሞተበትን ይናፍቃል፤ የሄደበትን ይናፍቃል። እኔ ገላዬ ላይ ተንጠልጥሎ ያለውን ነው የምናፍቅ። ሌሊት በሕልሜ አሁንም እመታለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ብርድ ልብሱ ወድቆ አገኘዋለሁ።

ይህ ነገር ሥራዬንም አበላሽቶታል። ሰው ሊለካ ሲመጣ፣ «እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ» እላለሁ። ለልክ አያስፈልግም፤ ግን እላለሁ። ፊቱን ያጨማደደ እንደሆነ ሜትሬን ጠቅልዬ፣ «ለሐኪም አሳይተው ይምጡ፤ ኮቱ ይደርሳል» ብዬ እመልሰዋለሁ። አንድ ነጋዴ፣ «ሱሪ ላሰፋ ነው የመጣሁ!» ብለው ተቆጡ። ሆኖም ሄደው ታይተው፣ ከወር በኋላ እጃቸውን እንደ ሰንደቅ ሰቅለው በበረንዳው ሥር አለፉ። ቀናሁባቸው፤ ለምን እዋሻለሁ።

ባለፈው ጎረቤታችን ቤት ክርስትና ነበረ። እኔ ሥራ ይዞኝ አልሄድሁም፤ እናኑም ሱቅ ምሳ አድርሳልኝ ቤት ተመልሳለች። ቀትር ላይ ትልቁን መቀስ ቤት ረስቼ ልወስድ ሄድሁ። ከጎረቤት አዝማሪው እየተጫወተ ነው፤ ድምፁ በግድግዳ ዘልቆ ይሰማል። የቤታችን በር ገርበብ ብሏል። ልገፋው ስል አየኋትና እጄ ቆመ።

እናኑ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መካከል ቤት ቆማለች። ብቻዋን ነች። ትመታለች። ከዚያ ሠርግ ወዲህ ስትመታ አላየኋትም ነበር፤ በየሠርጉ «ደከመኝ» እያለች ከጎኔ ትቀመጣለች። ትከሻዋ ምንም አልተለወጠም። ታርገበግበውና ድንገት ቀጥ ታደርገዋለች። ከዚያ ቆም ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች፤ ትጠብቃለች። የማሲንቆው ዙር እስኪመለስ ጠብቃ፣ ሸጋ መልስ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ትልና እንደገና ትመታለች።

ልገባ አሰብሁ። በግራውም ቢሆን፣ በአንገትም ቢሆን ልመልስላት። ግን ባዶው ቦታ ላይ የምታየው የድሮው ሰው ከእኔ ይሻል ነበር። አልከለከልሁትም። ዜማው እስኪያልቅ በሩ ሥር ቆምሁ።

አዝማሪው ሲያበቃ ኮቴዬን አሰምቼ ገባሁ። ነጠላዋን ከወገቧ ቶሎ ፈታች።

«ምነው በቀትር መጣህ?»

«መቀስ ረስቼ። አንቺስ ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?»

«ቤት ስጠርግ ነው» አለች፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

መቀሱን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችኝ። ተቀብያት ወጣሁ። ቤቱ አልተጠረገም ነበር።